ይሄም ይጻፋል እንዴ? ለሹፌርነት ሥራ ሲቪ ስለማዘጋጀት

የዛሬው ዝግጅታችን ለሹፌሮች ነው። መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ማስታወቂያው ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ በሁለቱ መሃል ያለችው አንዲት ወረቀት ግን አላራምድ ላለችው ሰው ነው የምናወራው። በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ፣ ድሬዳዋ ከተማ ውስጥም በሳቢያን፣ በከዚራ፣ በመጋላ የምትሰሙን ሁሉ እርሳስና ወረቀት አዘጋጁ። መሪ የያዛችሁ ለጊዜው ጆሯችሁ ይበቃል፤ ስትቆሙ ትጽፉታላችሁ።

በቅርቡ አንድ የዋሂል ወጣት ቤቴ መጣ። የማውቀው በአባቱ በኩል ነው። አባቱ ማሽላ የሚያመርቱ፣ ፍየል የሚያረቡ ገበሬ ናቸው፤ የልጁ ልብ ግን ገና ከትንሽነቱ መኪና ላይ ነበር። ከፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጣና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ሦስት ቦታ አስገብቼ ሦስቱም አልጠሩኝም» አለኝ።

ተቀብዬ አነበብኩት። ታታሪ ነኝ ይላል። ታማኝ ነኝ፣ ሰዓት አክባሪ ነኝ፣ በማንኛውም የሥራ ጫና ውስጥ ተግቼ እሠራለሁ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መስመር ይሄዳል። ከሥር «የሥራ ልምድ» የሚል ርዕስ አለ፤ ከርዕሱ ሥር ደግሞ «ሹፌር፣ ከ2014 እስከ 2017» ተብሎ ተዘግቷል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ምን ነድተሃል?» አልኩት።

«አይሱዙ።»

«የቱን አይሱዙ?»

«ኤፍ ኤስ አር።»

«ምን ትጭን ነበር?»

«አቦ ጋሼ፣ ያልጫንኩት ምን አለ! ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ሲሚንቶ፣ የእርዳታ ስንዴ። ስመለስ ከሐረማያ ድንች፣ ሽንኩርት።»

«ደንገጎን ጭነት ይዘህ ስትወርድ እንዴት ታደርጋለህ?»

እዚህ ላይ ልጁ ተለወጠ። ወንበሩ ላይ ወደፊት ተጠጋ፣ ቀኝ እጁ ሳያስበው ካምቢዮ እንደያዘ ሰው ሆነ። «ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው ማርሽ የምቀንሰው፤ መሃል ላይ ከሆነ ረፍዷል። በሞተር ይዣት ነው የምወርደው። ፍሬን ላይ የተኛ ሰው ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይግልና እግሩ ባዶ ይረግጣል። ዝናብ ካለ ደግሞ የድንቹን ጭነት መጀመሪያ እኔው ራሴ ዞሬ አያለሁ፣ ገመዱን አጠብቃለሁ። ኩርባው ላይ ጭነት ከተንሸራተተ መኪናዋን ይዟት ይሄዳል።»

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ መንገዱ እየተጠማዘዘ በአጭር ርቀት ነው የሚወጣው፤ ወደ ሐረር የሚሄደው መኪና በዚያው ነው የሚያልፈው። ጭነት ይዞ ያንን ቁልቁለት ከሦስት ዓመት በላይ ያለ አደጋ የተመላለሰ ልጅ ፊቴ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ተግባቢ» ይላል።

«ይህን ሁሉ ለምን አልጻፍከውም?» ስለው ግራ ገብቶት አየኝና፣ «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለኝ።

አድማጮቼ፣ የዛሬው ዝግጅት መልሱ ይኸው ነው፤ አዎ፣ ይጻፋል። የሚጻፈው እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወረቀታችሁ ማን እጅ እንደሚገባ ላስረዳችሁ። እኔ ለዓመታት በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለሁለት የሹፌር ቦታ ከመቶ በላይ ማመልከቻ ሲመጣ አይቻለሁ። ኮሚቴው ወረቀቶቹን ከማየቱ በፊት አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። በአንዱ ዓምድ የትምህርት ደረጃ፣ በሌላው የመንጃ ፈቃዱ ምድብ፣ በሦስተኛው የልምድ ዓመት፣ በአራተኛው የነዳው የመኪና ዓይነት ይሞላል። አንባቢው ወረቀታችሁን የሚያገላብጠው እነዚያን አራት ባዶ ቦታዎች ለመሙላት ነው። «ታማኝ» የሚል ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ የለም። ታማኝነት ሳያስፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ መቶውም አመልካች ታማኝ ነኝ ብሎ ስለሚጽፍ ማንንም ከማንም አይለይም። «ለ3 ዓመት ከ9 ወር ጭነት ቆጥሬ ተረክቤ ቆጥሬ አስረክቤያለሁ፤ ጉድለት አልተገኘብኝም» ብሎ የጻፈው ግን ታማኝነቱን አሳይቷል፤ ቃሉን መጥራትም አላስፈለገውም።

ስለዚህ ሲቪ ከመጻፋችሁ በፊት ማስታወቂያውን አንብቡ፤ ቆማችሁ በጥሞና አንብቡት። ብትችሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የጠየቀውን ምድብ፣ የጠየቀውን ዓመት፣ የጠየቀውን መኪና አስምሩበት። አንዳንዱ «ሹፌር» ይላል፣ አንዳንዱ «ሹፌር መካኒክ» ይላል፣ አንዳንዱም ሹፌርነትን ከጉዳይ አስፈጻሚነት ጋር ያገናኛል። ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ወረቀት ለሦስቱም አይሆንም። ማስታወቂያው ከሥሩ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ መቅረብ» ካለም ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። ዋናው ታይቶ ይመለስላችኋል፣ ኮፒው እዚያው ይቀራል። ዋናውን ማስረጃ ለማንም ትታችሁ አትሂዱ።

መንጃ ፈቃድ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ድሮ «ሦስተኛ»፣ «አራተኛ»፣ «አምስተኛ» እያልን በደረጃ ነበር የምንጠራው። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 600 ወዲህ ግን አከፋፈሉ በምድብ ሆኗል፤ ሞተር ሳይክል፣ ባለ ሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ ታክሲ፣ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት፣ ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እየተባለ። ሕዝብ፣ ደረቅና ፈሳሽ ደግሞ በውስጣቸው በቁጥር ይከፈላሉ። በ2010 አዋጁ በሌላ አዋጅ፣ በቁጥር 1074፣ ተተክቷል። ይሁንና የአፍ ልማድ አይለቅምና እስከ ዛሬ በድሮው ደረጃ የሚያወጡ ማስታወቂያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የእናንተ ሥራ ፈቃዳችሁ ላይ የታተመውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ መገልበጥ ነው። «ደረቅ 2» ካለ «ደረቅ 2» ብላችሁ ጻፉ። ቀድሞ በደረጃ የወጣ ፈቃድ ኖሯችሁ ወደ ምድብ የተቀየረ ከሆነ ሁለቱንም አስፍሩ። ፈቃዱ መጀመሪያ የወጣበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን ጨምሩ። የሚያበቃበት ቀን ከቀረበ ደግሞ ማመልከቻው ይቆይና ቀድማችሁ አሳድሱ። ፈቃዱ ያለፈበት ሹፌር ቢመረጥ እንኳ መሪ ሊሰጠው አይችልም፤ ኮሚቴውም ይህን ስለሚያውቅ ሳይመርጠው ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ሥራ ልምዱ። የዋሂሉን ልጅና እኔን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የፈጀብን እሱ ነው። እየጠየቅሁት፣ እየነገረኝ፣ እየቆረጥን እየቀጠልን በመጨረሻ የአይሱዙው ሥራ እንዲህ ሆኖ ተጻፈ። ቀስ ብዬ ላንብብላችሁ።

«ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም.። የጭነት መኪና ሹፌር፣ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረርና ጅጅጋ ሲሚንቶና የእርዳታ እህል፣ ከሐረማያ ወደ ድሬዳዋ ድንችና ሽንኩርት ማመላለስ። በሳምንት በአማካይ አራት ምልልስ። ጭነት በሰነድ ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ። በየማለዳው ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ፣ ፍሬንና መብራት መፈተሽ። ጎማ፣ የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ መቀየር፣ ፍሬን ማስተካከል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አደጋ አልደረሰም፣ የጭነት ጉድለት አልተመዘገበም።»

ከዚያ በፊት ባጃጅ ነድቷል። እሱን በሁለት መስመር ጻፍነው። ከባጃጁም በፊት ሁለት ዓመት ረዳት ነበር። «እሱን እንኳ ተዉት ጋሼ፣ ረዳትነት ምን ይባላል» አለኝ። እኔ ግን አስጻፍኩት። ጭነት ሲጫን ሚዛኑን ያየ፣ ጎማ ሲፈነዳ በሌሊት የቀየረ፣ ታኮ ያስገባ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ምልክት የሰጠ ሰው መሪ ሲይዝ ከሌላው ይለያል። የመኪና ሰው ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ልምዱ «ሹፌር» በሚለው ዓምድ አይቆጠርለትም፣ እውነት ነው፤ ሁለት ሰው በነጥብ ሲተካከል ግን አንባቢው ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ዓይነት መስመር ላይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛልና ልቆይበት። የቀን አቆጣጠር ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ጋ እንዲህ ነው፣ ሲቪውም በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ዓመቱም ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለወጣል። ልጁ እንዲህ ላለ ማስታወቂያ አዲሱን ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ቤት ነበር ያስተየበው። ጸሐፊዋ ሁለቱም ዓመት ላይ 8 ደመረች። መስከረም 2014 ሴፕቴምበር 2022 ሆነ፣ ሰኔ 2017 ጁን 2025 ሆነ። ቁጠሩት፤ 2 ዓመት ከ9 ወር ነው የሚመጣው። ማስታወቂያው የጠየቀው 3 ዓመት ነበር። ልጁ የሠራው 3 ዓመት ከ9 ወር ነው። አንድ ሙሉ ዓመት፣ ስንት ጊዜ ደንገጎን የወጣበትና የወረደበት ዓመት፣ አንድ የመደመር ስህተት በላው። ሠንጠረዡን የሚሞላው ሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያየውን ነው የሚጽፈው፤ ደውሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ይህን ጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። መስከረም 2014 ሲደመር 7፣ 2021 ነው። ሰኔ 2017 ሲደመር 8፣ 2025 ነው። ከሴፕቴምበር 2021 እስከ ጁን 2025 ስትቆጥሩ 3 ዓመት ከ9 ወር ይሞላል፤ በእኛ ብትቆጥሩትም ያው ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ውጤት ካልተስማማ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ወረቀቱ ከጽሕፈት ቤት ሲወጣ እዚያው ቆማችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ።

ጽሕፈት ቤትን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ብዙ ሰው የሚያገለግሉ ናቸው፤ ግን ወረፋ አለባቸው። አንድ የተዘጋጀ ሲቪ ኮምፒውተሩ ላይ ይኖራል፣ ስም ይቀየራል፣ ይታተማል። ኮሚቴ ላይ ሳለሁ አንድ አመልካች ተመርጦ ስንደውል ሌላ ሰው አነሣ፤ ስለ ሥራው የሚያውቀው ነገር የለም። ከእሱ በፊት ያስተየበው ሰው ስልክ ነበር የቀረው። ያ ሹፌር ለምን እንዳልተጠራ እስከ ዛሬ አያውቅም ይሆናል፤ ሳስበው ያንገበግበኛል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ ቀኑን በድምፅ አንብቡት። ማንበብ የሚከብደው ካለ ልጁን ወይም እህቱን ይዞ ይሂድ።

(አጭር ሙዚቃ)

ስም ራሱ በእኛ አካባቢ ብዙ ጣጣ ያመጣል። ያው አንድ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ «መሐመድ»፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ «ሙሐመድ»፣ የቀድሞ አሠሪው በጻፈለት ደብዳቤ ላይ «ማሀመድ» ሆኖ ይገኛል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመዝገብ ቤት ሦስት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ሲቪያችሁ ላይ በመንጃ ፈቃዳችሁና በፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ተከተሉ፤ የራሳችሁንም የአባታችሁንም የአያታችሁንም። ሁለቱ ካልተስማሙ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ የማስተካከያ ደጅ ጥናት ጊዜ ይፈልጋል፣ የማመልከቻው ጊዜ ግን አጭር ነው።

ስልክ ሁለት ጻፉ። የገጠሩ ሰው ባትሪ ሲያልቅበት፣ ኔትወርክ ሲጠፋበት የሚደወልለት ያኔ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከተማ ውስጥ ያለ፣ መልእክት ሳይረሳ የሚያደርስ ዘመድ ቁጥር ይሁን፤ ለእሱም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቋንቋ ላይ ደግሞ እባካችሁ አትሰስቱ። የዋሂሉ ልጅ ወረቀት «ቋንቋ፦ አማርኛ» ይላል። እቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ሶማሊኛ ከገበያ ለምዷል፤ ጅጅጋ ላይ ጭነት ሲያወርድ የሚነጋገረው በሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን እንደ ተፈጥሮ ቆጥሮ ትቷቸዋል። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ሺኒሌን አልፎ እስከ ደወሌ ድንበር ድረስ ሶማሊ ክልል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በዚህ መስመር መኪና ሲበላሽበት ከመንደሩ ሰው ጋር በአፉ መነጋገር የሚችል ሹፌርና የማይችል ሹፌር እኩል አይደሉም። አሠሪዎችም ያውቁታል። የምትችሉትን ሁሉ ጻፉ፣ መናገር ብቻ ከሆነ መናገር፣ ማንበብም ከሆነ ማንበብ ብላችሁ ለዩት።

ለመስክ ሥራ የምታመለክቱ፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ለመንዳት የምትፈልጉ፣ የገጠር መንገድ ልምዳችሁን አትደብቁት። እኛ አካባቢ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ መኪና ይሻገርበታል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ውሃው ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንዲሁ ነው። የዋሂል ልጅ ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም። የደጋውን ደመና አይቶ መሻገሪያው ላይ የሚቆም ሹፌር፣ አሸዋ ላይ ሲያዝ ጎማውን ከማሽከርከር ይልቅ ወርዶ አካፋ የሚያነሣ ሹፌር፣ የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ሹፌር ነው። «በገጠር መንገድና በአሸዋማ ወንዝ መሻገሪያዎች የማሽከርከር ልምድ፣ ይህን ያህል ዓመት» ብላችሁ ጻፉት። ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ነድታችሁ ከሆነ የመኪናውን ስም ጨምሩ።

የጥገና እውቀትን በተመለከተ የእኛ ሹፌሮች አፍ ውስጥ ያለውን ቋንቋ አስቡት። «ሹፌር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ በዚህ ከተማ ጋራዥና ዴፖ ውስጥ ስንት ሰው በእጁ እየተማረ አልፏል። እናንተም የምታውቁትን በምታውቁት ስም ጻፉት። «መጠነኛ የጥገና ችሎታ አለኝ» ማለት ምንም አይነግርም። «ፍሪሲዮን አስተካክላለሁ፣ ካንዴላ አጸዳለሁ፣ እቀይራለሁ፣ የባሌስትራ ስብራት ለይቼ አውቃለሁ» ማለት ግን ይነግራል። የማትችሉትን አትጻፉ፤ ሹፌር መካኒክ ፈተና ላይ ኮፈን ተከፍቶ «እስቲ አሳየን» ትባላላችሁ።

ሴት አሽከርካሪዎች፣ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። ማስታወቂያዎች ከሥራቸው ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ ይላሉ። እናንተ ግን ወረቀታችሁን በሩ ሰፊ ነው ብላችሁ አታሳጥሩት። የነዳችሁትን መኪናና የሄዳችሁበትን መንገድ እንደማንኛውም ሹፌር በዝርዝር አስቀምጡ።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ፤ ሲቪ ብቻውን አይቆምም። የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ዓመት የሚደግፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር መብቱን አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው፣ ሥራውን ሲለቅ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ልመና አይደለም። ደብዳቤው ላይ የመኪናው ዓይነትም እንዲጠቀስ በትሕትና ጠይቁ፤ «በሹፌርነት አገልግሏል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ደረቅ ይንዳ አውቶሞቢል አይለይም።

የግለሰብ አይሱዙ ወይም ባጃጅ ስትነዱ የኖራችሁ ግን ችግራችሁ ሌላ ነው። ባለቤቱ ማኅተም የለውም፣ ደመወዝ የተከፈላችሁ በእጅ ነው፣ ግብር የተቆረጠበት ወረቀት የለም። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከግል የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ ይላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንዲህ ዓይነት ልምድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ላይቆጠርላችሁ ይችላል። የግል ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል፣ የሚደውሉለት ሰው ካገኙ። ስለዚህ ባለቤቱ ንግድ ፈቃድ ካለው የፈቃዱን ኮፒ አያይዞ ፈርሞ ይስጣችሁ። መኪናው በማኅበር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ማኅበሩን ጠይቁ፤ ማኅበር ማኅተም አለው፣ ስምሪት መዝግቦ ይይዛል። ከእንግዲህ ለምትቀጠሩት ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ውል ጠይቁ።

የሐሰት ደብዳቤ የሚያዘጋጁ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። አትንኩት። ወንጀል መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ተሳቢ ሳይነዱ ነድቻለሁ ብሎ የተቀጠረ ሰው ያንን ተሳቢ ይዞ የሚወርደው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሚሄዱበት ቁልቁለት ላይ ነው።

ምስክር የሚሆኑ ሰዎችን ስትጽፉ ከተያዥ ጋር አታምታቱ። ተያዥ ስትቀጠሩ በንብረት ወይም በደመወዝ የሚዋሳችሁ ሰው ነው። ምስክር ግን ነድታችሁ ያያችሁ ሰው ነው፤ የስምሪት ኃላፊ፣ የመኪናው ባለቤት፣ መኪናውን ይዛችሁ የምትሄዱበት ጋራዥ መካኒክ። መካኒኩን ንቃችሁ አትለፉት። ሹፌር መኪናውን እንዴት እንደሚይዝ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን አቃጥሎ እንደመጣ፣ ወይም ጭራሽ እንዳላቃጠለ።

ወረቀቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ያለ ጌጥ። የቅርቡ ሥራ ከላይ ይቅደም። ሃይማኖት፣ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ፣ ቁመትና ክብደት ቦታ አይያዙ፣ ማስታወቂያው ካልጠየቀ በቀር።

የዋሂሉ ልጅ ወረቀት አሁን አንድ ገጽ ተኩል ሆኗል። አሥራ አንዱ መስመር ወጥቷል። ቀኖቹ ተስተካክለዋል፣ ሦስቱ ቋንቋዎች ገብተዋል፣ የሁለት ዓመቱ ረዳትነትም ከሥር ተቀምጧል። የቀረው የአይሱዙው ባለቤት ደብዳቤ ነው። ባለቤቱ ሐረር ነው ያለው፤ በስልክ «ና፣ እፈርምልሃለሁ» ብሎታል። ልጁ የፊታችን ሐሙስ ደንገጎን በሚኒባስ፣ ተሳፋሪ ሆኖ ይወጣዋል። የንግድ ፈቃዱን ኮፒ መጠየቅ እንዳይረሳ መዳፉ ላይ ጽፎ ነው ከቤቴ የሄደው።